ደረቅ ቆርኪ

የሚያውቁኝ ሁሉ ዝምተኛ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው። ዝም የሚል ሰው ግን አስተያየት የለውም ማለት አይደለም፤ እኔ በዚያን ጊዜ አስተያየት የሌለኝ ነገር አልነበረም። ስለ ቢራ ቤት ብትጠይቁኝ፣ ሰው ትናንት የተናገረውን ዛሬ ጮክ ብሎ የሚደግምበት ቤት ነው እላችሁ ነበር። ስለ ምግብ ቤት ብትጠይቁኝ፣ ወጡን ከመቅመሳችሁ በፊት የእጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና መኖሩን እዩ እላችሁ ነበር። ኳስን አልጠላም። የምጠላው መተማ ዮሐንስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባሕር ማዶ ስለሚጫወት ቡድን «አሸነፍን!» የሚለውን ሰው ነው። ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ግን እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን የሚቀርበውን የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ ትርዒት ነበር። አንዲት እናት ታለቅሳለች፣ አቅራቢው መሐረብ ያቀብላታል፣ ወዲያው የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። «በሰው እንባ ልብስ ማጠብ» የሚል ስም አውጥቼለት ነበር።

እናንተም የየራሳችሁ አስተያየት ይኖራችኋል። እኔ የምነግራችሁ የእኔው አስተያየት በአንድ ሰው ላይ፣ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ምን እንዳደረሰ ነው።

የተወለድኩት ሳንጃ አካባቢ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እዚህ መተማ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጥንቁቅ ይሆናል። ሌላው በልጅነቱ እንደ ዘበት ያገኘውን እሱ በላቡ ስላገኘው፣ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ስትውል ያመዋል። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ዕድሜዬ አርባን ተሻግሮ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። በስሙ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተበትን ማስረጃ ሦስት ጊዜ መልሼ የማስጻፍ ሰው ነበርኩ። ብቻዬን ስለምኖር እሑድ ምሳዬን የምበላው አስካል ቤት ነው። ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ መጽሐፌን ገልጬ፣ እስኪመሽ እቆያለሁ።

የአስካል ቤት ምግብ ቤትም ቢራ ቤትም ነው። ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ነው። ኳሱና ትርዒቱ ደግሞ እሑድ ዐሥር ሰዓት ላይ ይገጥማሉ። በዚህ የተነሣ ስንት ጠብ አየን! አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ፉል ድስት ውስጥ ተገኘ። በነጋታው አስካል ሕግ አወጣች። በየጠረጴዛው ቢራም ይሁን ለስላሳ የከፈተ ሰው ቆርኪውን ይይዛል፤ ዐሥር ሰዓት ሲቀርብ ከሁለት ሳህኖች በአንዱ ይጥላል፤ አንዱ የኳስ ነው፣ አንዱ የትርዒት። የበዛው ያሸንፋል።

«ዳኛ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «የአንቺ ውሃ ክዳኑ ላስቲክ ነው፣ ቆርኪ የለሽም። ለማንም አታደዪም።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሕጉን በካርቶን ላይ ባማረ ጽሕፈት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከፍቶ ያልጠጣ አይመርጥም። እኩል ከመጣ የተከፈተው ጣቢያ ይቀጥላል። ሦስተኛውን አንቀጽ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ቆርኪው በዚህ ቤት፣ በዚያው ቀን የተከፈተ መሆን አለበት የሚል። አንዳንዱ ከሌላ ቤት ቆርኪ በኪሱ ሞልቶ መምጣት ጀምሮ ነበርና። እንዴት እንደምለይ ሲጠይቁኝ መልሱን አዘጋጅቻለሁ፤ የዕለቱ ቆርኪ ውስጡን በጣት ሲነኩት ርጥብ ነው።

ያቺ እሑድ ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ላይ ነበረች። ከተማው በሳሉግ ተሞልቷል። ሳሉግ የምንላቸው በምርት ጊዜ ከደጋ እየወረዱ በየእርሻው የሚሠሩትን የቀን ሠራተኞች ነው። ኳሱ ደግሞ ትልቅ ግጥሚያ ነው ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲወራለት የሰነበተ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የመለዋወጫ ነጋዴው ሼህ አደም አራተኛ ለስላሳቸውን ጨርሰው ሆዳቸውን ይዘዋል። የበር ያህል የሚሰፉ ሰው ናቸው፤ ያንን ትርዒት ሳያለቅሱ አይተው አያውቁም።

«ኡስታዛ፣» አሉኝ፤ አስተማሪ ባልሆንም ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ፤ «ሆዴ ከበሮ ሆነ። ለአራት ቆርኪ ብዬ በስኳር ልሞት ነው!»

«ሼህ፣ ለማልቀስ ከሆነ አስካል ቀይ ሽንኩርት ትስጥዎት» አለ የትራክተር ነጂው ጎሹ። የኳሶቹ አለቃ እሱ ነው።

«አንተ ባለፈው እሑድ ጠረጴዛ ስር ገብተህ የለም እንዴ ያለቀስከው?»

«ዳኛው ነዋ የበደለን!»

«አንተን ዳኛ ያልበደለህ ቀን መቼ ነው? ሚስትህ የሄደችውም በዳኛው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስካል ሁለቱን ሳህኖች አመጣች። «በሉ ጣሉ! ቀልዱ ይቆየን።»

ቆርኪዎቹ ተጣሉ። ሳህኖቹ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጡ። ኳሱን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ። ትርዒቱን ቆጠርኩ፤ ሃያ። ሼህ አደም እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። የትርዒቱን ቆርኪዎች አንድ በአንድ እያነሣሁ ውስጣቸውን በጣቴ ነካሁ። ከሥር ያለው ደረቅ ነበር። አቧራ አለበት፤ ጠርዙም በጫማ ተረግጦ ተጣሟል።

«ይህ የማን ነው?» ብዬ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሳሉግ ብድግ አለ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው። የግራ ቅንድቡ በድሮ ጠባሳ ለሁለት ተከፍሏል።

«የእኔ ነው፣ እታለም» አለ። አነጋገሩ የጎጃም ነው።

«ምን ጠጥተህበት?»

ወደ አስካል ዞረ።

«እሱማ ሻይ ነው የጠጣው» አለች አስካል ሳታስበው።

«ሻይ በቆርኪ መጣ እንዴ? ኧረ ሥልጣኔ!» አለ ጎሹ። እንደገና ሳቅ ሆነ።

ሰውየው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ከደጅ ነው ያነሣሁት። አልዋሽዎትም። እባክዎ፣ ጥቂት ብቻ ልየው። መጀመሪያውን ብቻ። ከዚያ ኳሱን ያያሉ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጥያቄው አንድ ቃል ነው፤ «ለምን?» ማለት። እኔ ግን ወደ ካርቶኑ አመለከትኩና፣ «ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» አልኩት። ቆርኪውን አወጣሁት። ዐሥራ ዘጠኝ ለዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። የተከፈተው ኳስ ነበር፤ ኳስ ቀጠለ። ያን ዓረፍተ ነገር ያልኩበት ድምፄ ዛሬም ይሰማኛል። ጠግቦ የተነሣ ሰው ድምፅ ነበር።

ሰውየው ቴሌቪዥኑን አየ። እኔን አየ። «ይሁን» ብሎ ወጣ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ኡስታዛ፣ አንዲት ቆርኪ ብታልፊ ምን ነበረበት?» አሉ ሼህ አደም።

«ዛሬ አንዲት ባልፍ ነገ ዐሥር ይሆናል።»

«በይ እኔ ወንድሜ ቤት ሄጄ አለቅሳለሁ። ኸላስ፣ በቃ!» ብለው ወጡ። እኔም መጽሐፌን ገለጥኩ።

ኳሱ አልቆ፣ ጎሹ «አሸነፍን!» እያለ ሲጨፍር፣ ሼህ አደም ተመልሰው መጡ። እንደ ሌላው ጊዜ ዓይናቸውን በፎጣቸው እየጠረጉ የሚያስቁ መስሎኝ ነበር። ፎጣቸውን ግን ሳያነሡ ቁጭ አሉ።

«የዛሬዋ ሌላ ናት» አሉ። «አንዲት የጎጃም እናት። ልጇ መተማ ወርዶ ስምንት ዓመት ደብዛው የለም። የወንድሙን ስልክ በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ቁጥሩን ከሥር እያሳዩት፣ ‹ልጄ፣ የምታየኝ ከሆንክ አሁን ደውል› ብላ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ስልኩ ዝም። መጨረሻ ላይ ‹እንግዲያ ሞቷል፤ አገሬ ገብቼ እርሜን አወጣለሁ› ብላ ተነሣች። ወላሂ፣ አቅራቢው ራሱ መናገር አቃተው።»

«ስሙ ማን ነው አለች?» አለች አስካል።

«አንዳርጌ። ምልክቱን ስትጠየቅ፣ በልጅነቱ ጥጃ ረግጦት የግራ ቅንድቡ ለሁለት…»

ሼህ አደም አልጨረሱትም። አስካል የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። ጎሹ መጨፈሩን ተወ። ማንም ስሜን አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወደ እኔ ጥግ ዞሩ።

እቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። ይህን ለአስካልም አልነገርኳትም። የዚያን ቀን በጣቴ የነካሁት የትርዒቱን ሳህን ብቻ ነው። የኳሱን ቆጠርኩት እንጂ አንዲቷንም ቆርኪ አልገለበጥኳትም። ከዚያ በፊት በነበሩት እሑዶችስ? አስታወስኩ፤ አንድም ቀን አልገለበጥኳትም። ሰው ሁሉ ለማንም አታደላም ብሎ ያስቀመጠኝ እኔ፣ የምንቀውን ነገር ብቻ ነበር የምፈትሸው። ከኳሱ ሳህን ስንት ደረቅ ቆርኪ ነበር? ማንም አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሳሉጎች ወደሚሰበሰቡበት ቦታ በባጃጅ ሄድኩ። የሉም፤ ሌሊት ወጥተዋል። ከዚያ ያገኘሁት ጎሹን ነው፤ ትራክተሩን ነዳጅ ሲሞላ።

«ቅንድቡ የተከፈለው? አውቀዋለሁ» አለኝ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። «ወደ ሽንፋ መንገድ ካለው እርሻ ነው። እኔም ወደዚያው ነኝ። ግን ለአንቺ የሚሆን መቀመጫ የለኝም፣ ከጎማው በላይ ካለው ብረት ላይ ነው የምትቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ለሦስት ሰዓት ያህል ብረቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ተንገጫገጭኩ። ጎሹ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ «እኔም እኮ ስቄበታለሁ!»

እርሻው ዓይን እስከሚያይ ድረስ በቆመ የሰሊጥ ነዶ የተሞላ ነው። ሠራተኞቹ ሸራ ዘርግተው ነዶውን እየገለበጡ ያራግፋሉ። የእርሻው ወኪል ማንን እንደምፈልግ ጠይቆኝ በጣቱ አሳየኝ። እሱ ነው። ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ሸራው ላይ ቆሟል። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምለው ሳሰናዳ መጥቼ፣ ሳየው ሁሉም ጠፋብኝ።

«አንዳርጌ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።» አወቀኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት መገረም ብቻ ነበር።

«እናትህ ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ነበር። አንተን ሲፈልጉ።»

የማራገፉ ድምፅ ቀጥ አለ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሠራተኛ ቀና አሉ። «የማን እናት? የእሱ እናት ሞታለች እኮ! እኛ ስንት ጊዜ ነፍስ ይማር ብለንለታል?»

አንዳርጌ ፎጣውን ከፊቱ አወረደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለብቻዬ ቢጠሩኝ ምን ነበር» አለኝ።

በሰው ፊት ሳጋልጠው በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛዬ ነው።

ከአንድ ግራር ጥላ ስር ተቀመጥን። ጉዳዩን ሲነግረኝ መሬት መሬቱን እያየ ነው። በሬ ልግዛ ብሎ ለአንድ ክረምት ነበር የመጣው። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጣለው፤ ያገኘው በሕክምና አለቀ። ባዶ እጄን አልገባም አለ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፍቼ በምን ፊቴ አለ። በሦስተኛው ሁለት ዓመት ሆነ። «እፍረት እንደዚህ ነው፣ እታለም፣ ባደረ ቁጥር ይወልዳል።» ሰዎች ለምን አትሄድም እያሉ ሲያስጨንቁት፣ እናቴ ሞታለች፣ የምሄድበት የለኝም ብሎ ተገላገለ። ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጣ የአገሩ ሰው፣ ማን መሆኑን ሳያውቅ፣ ከእነሱ ቀበሌ አንዲት ሴት ልጇን ለመፈለግ እሑድ ቴሌቪዥን ላይ እንደምትወጣ አወራለት። «እሷ ትሁን፣ ሌላ ትሁን፣ አላወቅሁም። እናቴ ናት ብዬ እንዳልናገር ገድያታለሁ። እናም ቆርኪ ለቀምኩ።»

«ሌላ ቤት አልሞከርክም?»

«ሦስት ቤት ገባሁ። ሁሉም ኳስ ነው። ከአራተኛው ስደርስ አልቆ ዘፈን ነበር።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እናቴ ምን ለብሳ ነበር?» አለኝ።

አላየኋቸውም። እንዲታዩም አላደረግሁም። «ኳስ ነበር የተከፈተው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀኝም።

እርሻው ላይ የስልክ መስመር የለም። ቢኖርም ቁጥሩን ሼህ አደም አልጻፉትም። ግን ትርዒቱ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚደገም ነግረውኝ ነበር። ጎሹ ሰሊጥ በጫነው ተሳቢ ላይ ሁለታችንንም ይዞን ተመለሰ።

ማክሰኞ አስካል ቤት ሳህን አልመጣም። ሼህ አደም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ጎሹ ቆሟል። አንዳርጌን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥነው። እኔ ከበስተኋላው ነኝ።

እናቱ ወጡ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ወንበሩ ስለሰፋቸው ጫፉ ላይ ነው የተቀመጡት። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ የእጥፋቱ መስመር ገና አልጠፋም። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጫጩት ይዘውታል።

«ልጄ፣» አሉ፣ የት ማየት እንዳለባቸው ሳያውቁ፣ «በሬ አላልኩህም። እህል አላልኩህም። ድምፅህን ነው። ‹አለሁ› በለኝና ከፈለግህ እዚያው ቅር።»

አንዳርጌ ፎጣውን አፉ ውስጥ ከተተ። የሳሙናው ማስታወቂያ ገባ፤ ከቤቱ አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ትርዒቱ ሲመለስ እናቱ እንደዚያው ናቸው። አቅራቢው ሰዓቱን ያያል። እሳቸው ስልኩን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፣ ምናልባት ሳይሰሙት ጠርቶ እንደሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ እኛ ከዚህ ቤት ኳስ ስናይ ነበርን።

ቁጥሩ ከሥር ወጣ። ጻፍኩት። እኔው ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአንዳርጌ ሰጠሁት።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» የወንድ ድምፅ ነው። ከበስተኋላው የብዙ ሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ጋሻው… እኔ ነኝ። አንዳርጌ።»

ሰውየው በደከመ ድምፅ ተናገረ። «ከእሑድ ወዲህ ስድስተኛው አንዳርጌ አንተ ነህ። አንዱ ታስሬአለሁ አለን፣ አንዱ ካርድ ላኩልኝ አለን። ወንድሜ፣ ለቅሶ ላይ ነን። እናቴ ትናንት ማታ ገብታ ዛሬ እርሟን እያወጣች ነው። በሞተ ሰው አትቀልዱብን።»

«ጋሻው፣ ስማኝ፣ ጥጃው የረገጠኝ…»

ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ። ስልኩን አጥፍቶታል። ዐሥር ጊዜ ደወልኩ።

እሑድ ቢሆን ኖሮ ስልኩ በእናቱ እጅ ነበር። እሳቸው ድምፁን ያውቁት ነበር።

«ካልሄድክ አያምኑህም» አለ ጎሹ። «ተነሣ።»

ቀትር ላይ ወደ ጎንደር የሚወጣውን አውቶቡስ ያዝንለት። አስካል ስንቅ ቋጠረችለት፤ ሼህ አደም ከሱቃቸው አዲስ ጃኬት አምጥተው በግድ አለበሱት። ሊገባ ሲል ጎትቼ ወደ ዳር አወጣሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።

«እርስዎ ደንብ ነው ያከበሩት» አለ ቀድሞኝ። «ስምንት ዓመት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ በሰላም ይሄድ ነበር። ግን አልቻልኩም። «አላከበርኩም» አልኩት። «የኳሱን ሳህን አልፈተሽኩም። የፈተሽኩት የእናንተን ብቻ ነው።»

ረዥም ጊዜ አየኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፤ በመስኮቱም አልዞረም። ልናገረው የፈለግሁት ለእሱ ብዬ ይሁን ራሴን ለማቅለል፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የጋሻው ቁጥር ነው።

«ደረስኩ» አለ አንዳርጌ።

«እናትህስ?»

«አለች። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ለቀስተኛው ተነሥቶ ሸሸ። እሷ ብቻ አልሸሸችም። ዝም ብላ መጥታ ቅንድቤን በጣቷ ዳሰሰችው። ፀጉሯን ተላጭታለች። ፊቷን ነጭታዋለች፣ እታለም። ግንባሯን፣ ጉንጯን። ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ይድናል ይላሉ፤ ጠባሳው ግን…»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ላነጋግራት ትላለች» አለና ስልኩ ከእጁ ተወሰደ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «አንቺ ነሽ በትራክተር በረሃ ወርደሽ ልጄን ያወጣሽልኝ? የኔ እናት፣ የኔ ዓለም! ዓይንሽ ክፉ አይይ። ደጅሽ አይዘጋ። እኔ የቀመስኩትን አንቺ አትቅመሺ። ስምሽ በበጎ ይነሣ!»

እያንዳንዱን ምርቃት ሲጨርሱ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። «አሜን» ማለት ነበረብኝ፤ አሜን አልኩ። አራት ጊዜ አሜን አልኩ። ከበስተኋላቸው አንዳርጌ፣ «በቃሽ እማ፣ ሰውነትሽ ደክሟል፣ አምጪው» ሲል ሰማሁት። አልነገራቸውም። አብሬው መምጣቴን፣ ማግኘቴን፣ አውቶቡስ ማሳፈሬን ነግሯቸዋል፤ እሑድን ግን ዘሎታል። ያን ያደረገው ለእኔ አዝኖ ይሁን ለእናቱ፣ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህም አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም።

ካርቶኑን በዚያው ሳምንት ቀደድኩት። አስካል አሁንም በቆርኪ ታስመርጣለች፤ ቆጣሪው ጎሹ ነው፤ ሲያጭበረብር ሁሉም ያየዋል፣ ይሳቃል፣ ያልፋል። እንዲያ የሚያጭበረብር ዳኛ ከእኔ ዓይነቱ እንደሚሻል ገብቶኛል፤ እሱን ቢያንስ ማንም አያምነውም።

አስተያየቶቼ ተለወጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። ያ ትርዒት አሁንም በሰው እንባ ሳሙና ይሸጣል። «አሸነፍን» የሚል ሰው አሁንም ያናድደኛል። የምግብ ቤት ሳሙና አሁንም እፈትሻለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከእኔ አስተያየት ጋር የማይሄድ ነገር አጥብቆ ሲለምነኝ፣ ደንቡን ከማሳየቴ በፊት «ለምን?» እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቢሆንም እጠይቃለሁ። እናንተም በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ ትክክል መሆናችሁ ደስ ሲላችሁ እዚያች ደስታ ላይ ጥቂት ቁሙ። እኔ አልቆምኩም።

የተረፈኝ ያ ምርቃት ነው። ስሜን በበጎ የሚያነሣ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማን ምርቃት እንደደረሰኝ አውቃለሁ፤ በምን እንዳገኘሁትም አውቃለሁ። ስልክ አንሥቼ እንዳልነግራቸው፣ ልጃቸው የሸሸገውን ማፍረስ ይሆንብኛል። እንዳልተወው ደግሞ ሌባ ያደርገኛል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ከጎጃም የሆናችሁ ሰዎች፣ ፊታቸው ላይ የጥፍር ጠባሳ ያለባቸው፣ ልጃቸው በለቅሷቸው መካከል ከመተማ የገባላቸው እናት ብታውቁ፣ ይህን አንብቡላቸው። ከእሑዱ ጀምራችሁ አንብቡላቸው። ምርቃታቸውን መልሰው ሊወስዱት ቢፈልጉ፣ የራሳቸው ነው።